የሲግሪድ ትንፋሽ

«ዛሬ እነግራታለሁ። ትንፋሽሽ ነው እላታለሁ። ትንፋሽሽ መስኮቱን እያበሰበሰው ነው፣ ታች ተኚ እላታለሁ። ሌላ ምን ልበል?»

ሲግሪድ ይህን የሰማችው ደረጃው ላይ ቆማ ነው። ወፍራም የሱፍ ካልሲ አድርጋ ስለነበር ኮቴዋ አልተሰማም። ባሏ ፕሬበን ወጥ ቤት ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል አጣብቆ ጥቁር ዳቦ ይቆርጣል። ከወዲያ ያለው ሰው ረጅም ነገር ተናገረ፤ ፕሬበን «እሺ፣ እሺ» አለና ዘጋው። እሷም ቀስ ብላ ወደ ላይ ተመለሰችና አሁን ገና እንደሚወርድ ሰው እያሳለች ወረደች። ለምን እንደዚያ እንዳደረገች ለራሷም አልገባትም። በገዛ ቤቷ ሌባ የሆነች መሰላት።

ቁርስ ላይ ፕሬበን ያልለመደውን አደረገ። ዳቦዋን ራሱ የጉበት ቅባት ቀብቶ፣ ላዩ ላይ ቀይ ሥር ደርድሮ ሰጣት።

«ማን ነበር የደወለው?» አለችው።

«ጋራዡ ነው። ስለ መኪናው ጎማ» አለና ቢላዋውን ጠረገ። ከዚያ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ፣ «ስሚ ሲግሪድ፣ የመኝታ ቤቱ መስኮት እየበሰበሰ ነው» አላት። «ትንፋሽሽ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስትተነፍሺ እርጥበቱ መስታወቱ ላይ ወጥቶ ውሃ ይሆናል፤ ውሃው እንጨቱ ውስጥ ይገባል። ታች ብትተኚ ይሻላል። የስፌት ክፍሉን አሙቄ አዘጋጅልሻለሁ።»

«አንተስ አትተነፍስም?»

ፕሬበን የጎረሰውን አኝኮ እስኪውጥ ቆየ። «እኔ ትንሽ ነው የምተነፍሰው» አለ።

ሲግሪድ እስኪስቅ ጠበቀችው። ፕሬበን ዕድሜውን የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ቀልዱን ሁሉ ፊቱን ሳይፈታ ነው የሚናገረው፣ ግን ሲቀልድ ጆሮው ይቀላል። እሷ ከተጋቡ ጀምሮ ያንን ጆሮ እያነበበች ነው የኖረችው። ዛሬ ጆሮው አልቀላም። መቆጣትም መሳቅም አማራት፤ ሁለቱንም ትታ ዳቦዋን ጎረሰች።

ግራ ያጋባት ደግሞ ይህ ነገር ከፕሬበን አፍ ሲወጣ እውነት ሊሆን መቻሉ ነው። ልጃቸው አግብታ ከወጣች ወዲህ ሁለቱን አልጋዎቻቸውን ጣራ ሥር ወዳለው ክፍል ያወጡት ለዚያ መስኮት ሲሉ ነበር። ትልቅ ነው፤ ወደ ውጭ ሲገፉት አንድ ሰው እስከ ደረቱ ብቅ ብሎ የከተማቸውን የራንደርስን ጣራዎች፣ ወንዙንና ድልድዩን ማየት ይችላል። ፕሬበን ያንን መስኮት የሚይዘው ሌላው ሰው የወተት ላሙን እንደሚይዝ ነው። በየመከሩ መሰላል አቁሞ ይወጣና በመስኮቱ ዙሪያ ያለውን የውሃ መውረጃና አሸንዳውን ከቅጠል ያጸዳል፤ ቅጠል ካለ የቀለጠ በረዶ መሄጃ ያጣና ወደ ቤት ይገባል። የክፈፉን ማሸጊያ ጎማ በሳሙና ውሃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ሲሊኮን ይቀባዋል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ መጋረጃውን ይጠቀልላል፣ የማሞቂያው ሙቀት መስታወቱን እንዲያገኘው። ከታች የተጠራቀመውን ላብ በጨርቅ ይጠርጋል፤ መስኮቱን ወለል አድርጎ ጥቂት ያናፍስና ይዘጋል። በረዶ ሲከምር በአካፋ ሳይሆን በለስላሳ መጥረጊያ ነው የሚያወርደው። ጎረቤቶቹ «ፕሬበን ያገባው መስኮቱን ነው፣ ሲግሪድ ሚዜ ናት» ይላሉ። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ትንፋሽ ቢናገር ማን ይገረማል?

ግን ዛሬ ጠዋት መጋረጃው አልተጠቀለለም ነበር፤ እስከ ግማሽ ወርዶ ነው ያገኘችው። መስኮቱንም ልትከፍት እጀታውን ስትስበው አልነቃነቅ አላት። ፕሬበን የእጀታውን ድምፅ ሰምቶ ከታች፣ «አትንኪው! ጎማው በበረዶ ተጣብቋል፣ ይቀደዳል!» ብሎ ጮኸ። ጩኸቱ ለአንድ ጎማ የሚገባ አልነበረም። እሷም ደንግጣ ለቀቀችው፤ ያኔ ነው መስኮቱ ሥር ያለው ምንጣፍ እንደረጠበ በካልሲዋ ያወቀችው።

ከቁርስ በኋላ ኮቷን ለብሳ፣ ሱቅ ደርሼ እመጣለሁ ብላ ወጣች። ፕሬበን «አብሬሽ ልምጣ?» አላት። ሱቅ አብሯት ሄዶ አያውቅም። «ለምን?» ብትለው፣ «እንዲያው» አለ። አውቶቡስ ፌርማታው እስክትደርስ በደጁ ቆሞ ሲያያት ቆየ። አውቶቡሱ ውስጥ የሰው ሁሉ ጫማ ጭቃማ በረዶ አንጠባጥቦ ወለሉ ኩሬ ሆኗል፤ መስታወቱም ሁሉ አልቦታል። ሲግሪድ በጣቷ ትንሽ ጠርጋ ወደ ውጭ አየች። ይህን ሁሉ ሰው ትንፋሽህ ነው ብሎ ከአውቶቡስ ያወረደው የለም ብላ አሰበች። ይህን ለማን እንደምትነግረው ግን አላወቀችም፤ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለውን ነገር የምትነግረው ለፕሬበን ነበር።

ከከተማው ዳር ያለው የቤት ዕቃና የግንባታ መደብር ጠዋት ጠዋት ጭር ያለ ነው። የመስኮት ነገር በሚሸጥበት ረድፍ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ ያሰረች ሻጭ ቆማለች፤ ደረቷ ላይ ማይከን የሚል ስም አለ። ሲግሪድ በመቶ አርባ ዘጠኝ ክሮነር የሚሸጠውን የእርጥበት መለኪያ አንስታ አገላብጣ መለሰችና፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለቻት። «የሰው ትንፋሽ መስኮት ያበሰብሳል?»

«የስንት ሰው?»

«የአንድ። የእኔ።»

ማይከን አየቻትና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ማነው እንደዚህ ያለዎት?»

«ባለቤቴ።»

«አይ ፍቅር!» አለች ማይከን። «ይቅርታ፣ አልስቅም። ይኸውልዎት፣ ሰው የተኛበት ክፍል መስታወቱ በብርድ ማላቡ የታወቀ ነው። ግን ለዚህ ተብሎ ሚስት አይባረርም፤ አየር ነው የሚቀየረው። ጠዋትና ማታ ወለል አድርጎ ከፍቶ መዝጋት፣ ማሞቂያውን አለማጥፋት፣ እዚያ ክፍል ልብስ አለማስጣት፣ በቃ።»

«ይህን ሁሉ ያደርጋል።»

«ታዲያ እርጥበቱ የት ነው? ከመስታወቱ ሥር ነው?»

«ከመስታወቱም ሥር አለ። ግን የመስኮቱ መደገፊያም፣ ምንጣፉም ርሷል። አልጋዬ ጫፍ ድረስ።»

ማይከን እርሳሱን ከፀጉሯ ነቅላ ማሰብ ጀመረች። «ትንፋሽ ምንጣፍ ላይ አይሄድም። ወይ ከላይ የውሃ መውረጃው ተደፍኗል…»

«መከር ላይ ጠርጎታል።»

«ጎማውስ?»

«ሲሊኮን ቀብቶታል። ዛሬ ግን በበረዶ ተጣብቋል አለኝ፤ አልከፈት ብሎኛል።»

«የተቀባ ጎማ እንዲህ አይጣበቅም፤ የሚቀባው ለዚያ አይደል?» አለች ማይከን። «እንደኔ ከሆነ ያ ውሃ በረዶ ነው። በረዶ እየጣለ ሰው መስኮቱን ይከፍተዋል።»

«ሌሊት ማንም አይከፍተውም። ማታ ራሱ ነው የሚዘጋው።»

«እንግዲህ እሳቸውን ይጠይቋቸው» አለች ማይከን፤ በስተኋላ የቆመ ሌላ ደንበኛ ስለነበር ወደዚያ ዞረች። ከዚያ መለስ ብላ፣ «ትንፋሽዎ ምንም አላደረገም፣ ይተንፍሱ!» አለቻት።

ሲግሪድ ምንም ሳትገዛ ወጣች። ፌርማታው ላይ ቆማ የተባለችውን ስታገጣጥም አንድ ነገር ብቻ ወጣ። ፕሬበን ሌሊት እየተነሳ መስኮቱን ይከፍታል። ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት ፀጉሯ ረጥቦ ነቅታ፣ አልቦኝ ነው ብላ ነበር፤ ለካ በረዶ እያስገባባት ነው። ግን ለምን? ሲጋራ ካቆመ ዘመን ሆኖታል። ሴት ነው እንዳትል፣ በጣራ መስኮት የሚጠራት ሴት የድመት ዘር መሆን አለባት። የቀረው አንድ ነው፣ እሱም ያስፈራል። እናቷ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሁሉን እየረሳች በሌሊት ልብሷ ወደ በረዶው ትወጣ ነበር፤ አንድ ቀን ወንዙ ዳር ነው ያገኟት። ፕሬበንም እንደዚያ እየሆነ ይሆን? ይህን ስታስብ ንዴቷ ጠፋ፤ ቦታውን ምን እንደያዘው ግን መለየት አቃታት። ወደ ቤት የሚሄደው አውቶቡስ መጥቶ ሄደ። ወደ እህቷ የሚሄደውን ተሳፈረች።

ታላቅ እህቷ ቦዲል ወደቡ አካባቢ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ትኖራለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷን በአምፖልና በሸክላ ዶሮዎች ሞልታዋለች፤ ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ድምፁ ተዘግቶ ይበራል። ቦዲል በሁሉም ነገር የምትስቅ ሴት ናት። በባሏ ቀብር ላይ እንኳ ቄሱ ስሙን ሲሳሳት ስቃ ሰው ሁሉ ሰምቷታል። ሲግሪድ ይህን የትንፋሽ ነገር እስክትነግራት የቸኮለችው ለዚህ ነበር፤ ቦዲል ከት ብላ ስትስቅ ነገሩ ቀልድ ይሆናል፣ ቀልድ ከሆነ ደግሞ ያልፋል።

ቦዲል አልሳቀችም። ኬኩን ትቆርጣለች። ሁለት ሰው እንደሆኑ የረሳች ይመስል ሙሉውን ቆራርጣ ጨረሰችው።

«አልሰማሽኝም እንዴ? ትንፋሽሽ መስኮቱን አበሰበሰው አለኝ እኮ!»

«ሰማሁሽ። ታዲያ ታች ብትተኚ ምን አለበት? የስፌት ክፍሉ ሙቀት አለው። መታጠቢያ ቤቱም አጠገብሽ ነው።»

«አንቺ! ያንቺ ባል ከክፍሌ ውጪ ቢልሽ ዝም ትዪ ነበር?»

«የኔ ባል ያንኮራፋ ነበር፣ ደስ ነበር የሚለኝ» አለች ቦዲል፤ ቀልድ ነበር፣ ግን ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። እዚያ አንድ ሰው ያለ ድምፅ ዓሣ ይጠብሳል።

ሲግሪድ ወንበሯን አስጠግታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እሺ፣ ዋናውን ልንገርሽ። ሌሊት እየተነሳ መስኮት የሚከፍተው እሱ ነው። አረጋግጫለሁ። እንደ እማማ እየሆነ ነው መሰለኝ።» ስለ እናታቸው ያንን ነገር ሁለቱ አንስተው አያውቁም። ቦዲል የያዘችውን ቢላዋ አስቀመጠች። ውጭ የበረዶ መጥረጊያ መኪና ጨው እየበተነ ሄደ። ከዚያ ቦዲል ተነስታ፣ ሲግሪድ ትንሽ ልጅ ሳለች እንደምታደርግላት የኮቷን ቁልፍ እስከ አንገቷ ድረስ ቆለፈችላት።

«ቤትሽ ሂጂ» አለቻት። «ዝም ብለሽ የሚልሽን አድርጊ። የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ። ጥሩ ሰው ነው።»

«ጥሩ ሰው አይደለም መች አልኩ?»

ቦዲል ኬኩን በወረቀት ጠቅልላ አሸከመቻትና በሩን ዘጋች። ሲግሪድ ደረጃውን እየወረደች፣ ዓለም ሁሉ ተማክሮ አንድ የማይረባ ነገር እውነት ነው እንዳለ፣ እሷ ብቻ ምክሩ ላይ እንዳልተጠራች ተሰማት። ለማታውቃት ሻጭ ትንፋሿ ጤነኛ ነው፤ ለሚያውቋት ግን ቤት ያፈርሳል።

ቤቷ ስትደርስ ገና ከሰዓት በኋላ ቢሆንም መሸት ብሏል፤ በየቤቱ መብራት በርቷል። በሩን ከፍታ ስትገባ ደረጃው የለም። ማለት፣ ደረጃው አለ፣ ግን መሃሉ ላይ፣ እጥፋቱ ጋ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሷ ፍራሽ ተቀርቅሮ ዘግቶታል። በስተላይ በኩል የፕሬበን ትንፋሽ ይሰማል።

«መጣሽ?» አለ። «ከታች ሳብ አድርጊው እስቲ፣ እጥፋቱ ላይ እምቢ አለኝ።»

አልሳበችውም። ከነኮቷ፣ ኬኩን ታቅፋ የታችኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

«ሁሉንም አውቄአለሁ» አለችው።

«ቦዲል ነገረችሽ?»

«ቦዲል? ቦዲል ምን ታውቃለች?» አለችና ራሷ ቆም አለች። «ጠዋት ጋራዥ ያልከኝ ቦዲል ነበረች?»

ፍራሹ ላይ ሲደገፍ ጨርቁ ወደሷ በኩል ትንሽ አበጠ።

«ደህና» አለች ሲግሪድ፤ መቆጣቱን ለሌላ ጊዜ አስተላለፈችው። «አሁን ስማኝ። ምንጣፉ የረጠበው በትንፋሽ አይደለም፣ በበረዶ ነው። ሌሊት መስኮቱን የምትከፍተው አንተ ነህ። አትፈር። እናቴን አስታምሜአለሁ፣ አውቀዋለሁ። ነገ ሐኪም ጋ አብሬህ እሄዳለሁ፣ እጅህን እይዝሃለሁ። ከክፍሌ ውጪ ብቻ አትበለኝ።»

«ሲግሪድ» አለ ፕሬበን። ድምፁ በፍራሹ ታፍኖ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። «እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማነው?» አለችና ሌላ ሰው ካለ ብላ ወደ ወጥ ቤቱ ዘወር ብላ አየች። ማቀዝቀዣው ያንጎራጉራል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ኩባያ አለ። በዚህ ቤት የሚኖረው ሁለት ሰው ነው። ይህን እስክትደርስበት ፕሬበን አላስቸኮላትም።

ከዚያ ነገራት። ከገና በፊት አንድ ሌሊት በብርድ ነቅቶ አልጋዋ ባዶ ነው። መስኮቱ ተከፍቶ፣ እሷ በሌሊት ልብሷ እስከ ደረቷ ወደ ውጭ ወጥታ፣ በረዶው ፀጉሯ ላይ ይጥላል። ከሥሯ አሸንዳው ነው፣ ከአሸንዳው ሥር የግቢው ድንጋይ። ስሟን ቢጠራ ትደነግጣለች ብሎ ፈራ፤ ቀስ ብሎ ሄዶ ወገቧን ያዛት። ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ሆኗል። ጠዋት ስትነሳ ምንም አታስታውስም። ትናንት ሌሊት ግን መልሶ አስተኝቷት ክፈፉን በብሎን አሰረው፣ ብሎኑን እንዳታይ መጋረጃውን አወረደ። ሳይነጋ እንደገና ተነስታ መስኮቱ እምቢ ሲላት ወደ ደረጃው ሄደች፣ በጨለማ። እየተኛ አይደለም ሌሊቱን። «ታች ደረጃ የለም» አለ። «ታች ብትወድቂም ከአልጋ ነው የምትወድቂው። ምን ብዬ ልንገርሽ? የማውቀው መስኮት ነው፣ በመስኮት አሳበብኩ።»

ሲግሪድ ጓንቷን አወለቀች፣ መልሳ አጠለቀችው። የሱን ድምፅ ታምነዋለች፤ የሚያወራላትን ሴት ግን አታውቃትም። የሰፈር ሰው ወሬ የሰማች ያህል፣ ምስኪን፣ በዚያ በረዶ! ብላ አሰበች። «ለምን ለኔ ሳትነግረኝ ለቦዲል?»

«አንቺ ነሽ ያልሽው። እናትሽን ቀብረን ስንመለስ፣ መኪናው ውስጥ። ይህ ነገር እኔ ላይ ከመጣ እንዳትነግረኝ አልሽኝ።»

መኪናውን አስታወሰች፤ ዝናቡን፣ የሚንኳኳውን የፊት መስታወት መጥረጊያ አስታወሰች። ያንን ቃል ግን ፈልጋ አጣችው። ያልተባለ ነገር ይሁን የጠፋባት ነገር፣ መለያ የላትም። ከሁሉ ያስፈራት ይህ ነው፤ ከአሸንዳውም ከድንጋዩም ይልቅ።

«እዚያ ቆሜ እናገራለሁ?» አለች በመጨረሻ።

«አንዳንዴ።»

«ምን እላለሁ?»

«አንተ ማነህ ትዪኛለሽ።»

«አንተስ ምን ትለኛለህ?»

«መጀመሪያ ጊዜ፣ ባልሽ ነኝ አልኩሽ፤ ጮኽሽብኝ። ከዚያ ወዲህ የመስኮቱ ሠራተኛ ነኝ ነው የምልሽ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «እሱን ስልሽ ደስ ይልሻል። ስለመጡ አመሰግናለሁ፣ ሲወጡ ጥሩ አድርገው ይዝጉት፣ ይበርዳል ትዪኛለሽ። አልጋሽ ውስጥ ትገቢያለሽ።»

ሲግሪድ ሳቀች። ሳቁ ከየት እንደመጣ አላወቀችም፤ መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና ኬኩ ላይ አጎንብሳ እስኪያልፍ ጠበቀች። ፍራሹ ወዲያ ማዶ እሱም አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማችው። ሊወርድ አይችልም፣ እሷም ልትወጣ አትችልም። እጇን ዘርግታ ጨርቁን ጫን አለችው፤ የነካችው ትከሻው ይሁን ጉልበቱ አልታወቃትም።

«ሐኪሙ ጋ ነገ እንሄዳለን» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ያደረግሁትን ሁሉ ጠዋት ትነግረኛለህ። ለቦዲል አይደለም፣ ለኔ። ያንን መኪና ውስጥ ያለችህን ሴት እርሳት።»

«የሚያስከፋ ቢሆንም?»

«የሚያስከፋ ቢሆንም። ሌሊት ከማላውቀው ሠራተኛ ጋር ሳወራ እያደርኩ ቀን እንደ እንግዳ ዳቦ እየተቀባልኝ አልኖርም።»

«እሺ» አለ ፕሬበን።

ኮቷን አውልቃ የደረጃው መደገፊያ ላይ ሰቀለችው፤ ኬኩን መሬት ላይ አስቀመጠችና ፍራሹን በሁለት እጇ ጨበጠች። ስትስበው እሱም ከላይ ሳበው። ነቅነቅ አለና ይባስ ተቀረቀረ።

«ወዴት ነው የምትስበው አንተ ሰው?»

«ወደ ላይ እንድንመልሰው አይደል? ነገሩ ከታወቀ…»

«ቢታወቅስ ደረጃው የት ይሄዳል? ወደ ታች ነው» አለች። «መጀመሪያ የኔን፣ ከዚያ ያንተን። ክፍሉ ይጠበናል፣ እንጠጋጋለን። እኔ ስነሳ የሚነቃ ሰው አጠገቤ ያስፈልገኛል።»

ፕሬበን ትከሻውን ሲያስደግፍ ፍራሹ ሲጢጥ አለ።

«ልግፋ?»

«ግፋ» አለች ሲግሪድ።